ከትናንት አንድ እውነት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የዓለም ገናን ቆርቆሮ ሁሉ ሲደበድብ፣ እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። የእህቴ ልጅ ቤቴል ሳሎን ሶፋው ላይ ተጋድማ ከስልኳ ጋር ታወራለች። የበረራ አስተናጋጅ ለመሆን ቆርጣ ተነሥታለች። አንድ የውጭ ቋንቋ የጨመረች ትመረጣለች የሚል ወሬ ሰምታ ስልኳ ላይ የስፓኒሽ ትምህርት ጭናለች። ስልኩ ይላል፣ እሷ ትደግማለች። ዝናቡ ትንሽ በረድ ሲል ድምጿ ጥርት ብሎ መጣ።

«ካሚኔ፣ ካሚናስቴ፣ ካሚኖ...» ብላ ቆመች። የቀረው ጠፋት።

አፌ እኔን ሳያማክረኝ ቀጠለ። «ካሚናሞስ፣ ካሚናሮን።»

ቤቴል መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አክስቴ! ስፓኒሽ ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም።»

«አሁን ያልሽውስ?»

«ድሮ የሰማሁት ነው።»

ስልኳን ገልበጥ አድርጋ አየች። «ደግሞ አንዱን ዘለልሽው። መሃል ላይ 'ካሚናስቴይስ' የሚል አለ። እናንተ ተራመዳችሁ ማለት ነው።»

አልዘለልኩም። እኔን ያስተማሩኝ ሰው ያንን ቃል አይወዱትም ነበር። «እሱን ስፔኖች ይጨነቁበት፤ እኛ ኩባ ያለሱ ኖረናል» ይሉ ነበር። ይህን ለቤቴል አልነገርኳትም። ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ፤ የተላጠውን ፍሬ እንደገና ልልጥ ስታገል ግን ራሴን ያዝኩት።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቡራዩ ነበር። አዲስ አበባ መሃል ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር ሲፈርስ እናቴ እኔን፣ ታላቅ እህቴንና ገና ትንሽ ልጅ የነበረችውን ቤቴልን ይዛ ሄደችና ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከተማ የለመደ ሰው መጀመሪያ እዚያ ሲደርስ ያኮርፋል፤ እኔም ሁለት ወር ሙሉ አኮረፍኩ። ጭቃው፣ የውሃው ወረፋ፣ ጠዋት ታክሲ ለመያዝ ያለው ግፊያ ሁሉ በእኔ ላይ የታሰበ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን ኅዳር ገባ። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከመረ፣ ከገፈርሳ ግድብ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፣ ነፋሱም የባሕር ዛፉን ሽታ ይዞ ቤታችን ውስጥ ገባ። ዛሬም አንድ ሰው በባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት ሲያያይዝ ከሸተተኝ ትንሽ ሳልቆም አላልፍም።

ከእኛ ግቢ ሦስተኛው አጥር ውስጥ ኦቦ ፈይሳ ይኖሩ ነበር። አባታቸው በጦርነት ሲሞቱ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከብዙ መሰሎቻቸው ጋር በመርከብ ተጭነው ኩባ ሄደው ያደጉ ሰው ናቸው። እዚያ ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን ብርቱካን ይለቅማሉ። ጎርምሰው ተመለሱና መካኒክ ሆኑ። ቡራዩ ውስጥ ስፓኒሽ የሚያናግራቸው ሰው ስላልነበረ መኪና ሥር ተኝተው ከሞተሩ ጋር ያወሩ ነበር ይባላል። ሲያስተምሩን ምንም አይቀበሉም። «ቋንቋው እየዛገብኝ ነው። እናንተ መጥታችሁ ብታነካኩልኝ ለኔ ይበቃኛል» ይላሉ።

ሦስት ነበርን። እኔ አስጎብኚ ልሆን ፈልጌ ነበር። የባለ ሱቁ ልጅ ነጂብ ስለ ኳስ ብሎ ነበር የመጣው፤ የስፔንን ጨዋታ በስፓኒሽ መስማት አማረው። ሦስተኛው ቶለራ ነው። ቶለራ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋርጦ ቤቱ የተመለሰ፣ ከእኔ በአንድ ዓመት የሚበልጥ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ጥርሱን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነበር። ለምን እንደሚማር ሲጠየቅ «ኦቦ ፈይሳ ሲያወሩት ደስ ስለሚላቸው» ይላል። ያን ጊዜ ይህ መልስ አስቆኝ ነበር። ኋላ ላይ እንደዚያ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ሰው ብዙ ፈልጌ አጣሁ።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጓሯቸው እንሰበሰባለን። ባለቤታቸው ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ በአንድ ሳህን አቅርበውልን ይገባሉ። ኦቦ ፈይሳ በሁለት ጣታቸው እንደ መቀስ እየቆረጡ፣ «ኢጆሌ፣ ጭራዋን ቁረጡ!» ይላሉ። ኢጆሌ ልጆች ማለታቸው ነው። «ካሚናር፣ መራመድ። 'አር' የምትለዋን ቁረጡና ጣሉ። 'ካሚን' ቀረች። አሁን የተራመደው ማነው? እኔ ከሆንኩ 'ኤ'። አንተ ከሆንክ 'አስቴ'። እሱም እሷም 'ኦ'። እኛ 'አሞስ'። እናንተም በሉት እነሱ 'አሮን'። አለቀ! ጠባዩ የተስተካከለ ግስ ሁሉ በ'አር' እስካለቀ ድረስ በዚሁ ይገዛላችኋል። ጠባየ ክፉዎቹን ሌላ ቀን እናያቸዋለን።»

ከዚያ ያስነሱናል። ከጓሮው ጉድጓድ እስከ ቆርቆሮው በር እየተራመድን እንል ነበር፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ላይ እግር መሬቱን መምታት አለበት። ካሚኔ፣ ጧ! ካሚኖ፣ ጧ! ቶለራ 'ኦ' ላይ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመታል። እኔ ሆን ብሎ ከኔ ጎን ለመቅረት ነው እል ነበር፤ ነጂብ ደግሞ የጫማው ቁጥር ስለበዛ ነው ይላል።

የኦቦ ፈይሳ ትልቁ ሕግ ግን ደብተሩ ነበር። በትምህርቱ ዋዜማ ከመምሸቱ በፊት እያንዳንዳችን በዕለቱ ያደረግነውን ነገር በስፓኒሽ ጽፈን፣ ቀን ሞልተን፣ ደብተሩን በቆርቆሮ በራቸው ሥር አንሸራተን እናስገባለን። የሚነበበው በማግሥቱ ስለሆነ «ትናንት» ብለን ነው የምንጀምረው። አንድ መስመር ይበቃል፤ ግን እውነት መሆን አለበት። ማታ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙታል። «የፈጠራ ነገር አላርምም» አሉን በመጀመሪያው ቀን። «ውሸት የምትጽፉልኝ ከሆነ ስትሳሳቱም ስታገኙም አንድ ነው። ያደረጋችሁትን ጻፉ፣ ያኔ ቃሉ አይጠፋችሁም።» ነጂብ ለሦስት ሳምንት «ትናንት ስኳር ሸጥኩ» እያለ ጻፈ። ተቆጡት። «እውነት ነዋ ኦቦ፣ ምን ላድርግ፣ ሌላ ነገር ዘይት ነው!» አለ። በአራተኛው ሳምንት ዘይት ሸጠ።

ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ስለ ማስተር ፕላኑ ነበር የሚያወራው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታንም ቡራዩንም ሱሉልታንም ልትወስድ ነው ይባላል። እኛ ከፈረሰ ሰፈር የመጣን ሰዎች ወሬውን የሰማነው በአንድ ጆሮ ነው። የቶለራ አባት ግን ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል ማሳ ነበራቸው። አንድ ረቡዕ ኦቦ ፈይሳ የቶለራን መስመር ጮክ ብለው አነበቡት። «ትናንት አባቴ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ተራመደ» ይላል። ነጂብ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ኦቦ ፈይሳም ስለ ፊደሉ ምንም ሳይሉ ደብተሩን መለሱለት።

ከትምህርት በኋላ እኔና ቶለራ እስከ ታክሲው ድረስ አብረን እንሄድ ነበር። መንገዱ የአሥር ደቂቃ ነው፤ እኛ ግማሽ ሰዓት እናደርገዋለን። ቆሎ ከኪሱ እያወጣ በመዳፌ ላይ ይቆጥርልኛል፤ ሲያልቅበት ቀልድ ይቆጥራል። የሚያስተምረኝን የኦሮምኛ ቃል ስሳሳት ጥርሱን ይሸፍናል። እወደው ነበር። ለእሱ አልነገርኩትም፣ ለእህቴም አልነገርኩም፤ ለራሴ እንኳ በግልጽ ያልኩት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

በዚያው ረቡዕ ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ነገ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

«አራት ሰዓት ላይ ገፈርሳ ነይ። ከግድቡ ወዲህ ባሉት ባሕር ዛፎች ሥር። ውሃውን ላሳይሽ።»

«ውሃ አይቼ አላውቅም መሰለህ?»

«ከዚያ ጋ ሆነሽ አላየሽውም» አለ። ከዚያ ሳይስቅ፣ «የምነግርሽም ነገር አለ» ብሎ ጨመረ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀጉሬን አሳምሬ ተሠርቼ ስወጣ መንገዱ ተዘግቷል። ከዋናው አስፋልት በኩል የጎማ ጭስ ይታያል፤ ፉጨት ይሰማል፤ ሱቆች ሁሉ ዘግተዋል። እናቴ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር አስገባች።

«የት ልትሄጂ ነው እንዲህ ተሽሞንሙነሽ?»

«የትም።»

«እንግዲያው የትም ሳትሄጂ ተቀመጪ።»

ረፋዱ ላይ ተኩስ ሰማን። እናቴ ሦስታችንንም ከመስኮቱ ራቅ አድርጋ መሬት አስቀመጠችን። እኔ አራት ሰዓት ሲሞላ ሰዓቴን አየሁ፤ አምስትም ሲሞላ አየሁ። በዚህ ቀን ማንም ሰው ገፈርሳ አይሄድም፣ እሱም አይሄድም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቀትር ላይ በአጥር ወሬ መጣ። የቶለራ ጓደኞች መንገዱ ላይ ናቸው ተባለ። እሱስ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ከእነሱ ጋር እንደሚሆን ገመትኩ፤ ገመትኩና ተናደድኩ። እኔ እዚህ ተሠርቼ ቁጭ ብዬ፣ እሱ መንገዱን መረጠ አልኩ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ንዴት ነው፤ ሰው በሚሞትበት ቀን የሚናደድበትን የማያውቅ።

ዓርብ ንጋት ላይ ታጣቂዎች በሰፈሩ ገብተው ወጣቶችን ወሰዱ። ቶለራንም ወሰዱት። ይህን የሰማሁት አንድ ሰዓት ላይ፣ ደብተሬን ይዤ ኦቦ ፈይሳ ግቢ ስደርስ ነው። ጨጨብሳ የለም። ነጂብም የለም። ኦቦ ፈይሳ በፒጃማ ላይ ካፖርት ደርበው ቆመዋል። ቶለራ ሐሙስ ሊመሽ ሲል በበሩ ሥር ያስገባውን ደብተር ይዘዋል። የእኔን ከእጄ ወሰዱና ሁለቱን በጋዜጣ ጠቀለሏቸው።

«ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው» አሉ። «ማንም በማያነበው ቋንቋ፣ ቀን እየተጻፈ የተሞላ ደብተር ቢያገኙ ምን ይሉናል? የቶለራንማ ካዩት ይብስበታል። እናንተ ግቢ ዓርብ ዓርብ የልብስ ውሃ ይሞቃል፤ ጭስ ቢታይ ማንም አይጠይቅም። አቃጥያቸው የኔ ልጅ። አሁኑኑ።»

አቃጠልኳቸው። መጀመሪያ የእኔን፣ ገጽ በገጽ እየገነጠልኩ። ከዚያ የእሱን አነሣሁ። የመጨረሻዋ ገጽ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት መስመር ተጽፎባታል። ላነባት እችል ነበር፤ ለዚያ የሚበቃ ስፓኒሽ ነበረኝ። ግን ቶለራ በዚያ ደብተር ላይ እንደማይዋሽ አውቃለሁ። ሐሙስ የት እንደዋለ ጽፏል። መንገዱን መርጦ እኔን እንደተወኝ በራሱ እጅ ጽሑፍ ማየት ፈራሁ። ሳላነብ የልብስ ውሃ ከሚሞቅበት በርሜል ሥር፣ እሳቱ ውስጥ ከተትኩት። በደንብ እንዲነድም በእንጨት ቆሰቆስኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ኦቦ ፈይሳ እየተቻኮሉ መጡ። አተነፋፈሳቸው የሮጠ ሰው ነው። እናቴ ልብስ እያሰጣች ስለነበር ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ደብተሮቹስ?»

«አቃጠልኳቸው፣ ኦቦ። እንዳሉኝ፣ ወዲያው።»

ጎንበስ ብለው ከበርሜሉ ሥር ያለውን አመድ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው «ጎበዝ» አሉኝና ወጡ። ያቺን «ጎበዝ» ለብዙ ዓመት እንደ ሽልማት ይዣት ኖርኩ። በዚያ ክፉ ሰሞን ቢያንስ አንድ ነገር በትክክል ሠርቻለሁ እያልኩ።

ቅዳሜ የቶለራ አባት በየግቢው እየዞሩ የእኛም በር ጋ ደረሱ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አካም ቡልታኒ፣ አዴ» ብለው እናቴን ሰላም አሏት። «ሐሙስ ልጄን ያየ ሰው ከግቢያችሁ ይኖር ይሆን? ጠዋት ከቤት ወጣ። የት እንደዋለ የሚመሰክር ሰው አምጣ ይሉኛል፣ እኔም ያየው ሰው አላገኘሁ።»

«እኛ በር ዘግተን ነው የዋልነው አባቴ፤ ማንንም አላየን» አለች እናቴ። እውነቷን ነው። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ቀጥሮኝ ነበር ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ገፈርሳ አራት ሰዓት ላይ ቀጥሮኝ ነበር፤ ሄዶ ከሆነ እዚያ ጠይቁ። ግን እናቴ አለች፣ ሰፈሩ አለ፣ የሴት ልጅ ስም አለ። ደግሞም አልሄደም ብዬ ወስኛለሁ። ሰውዬው «ገለቶማ» ብለው አመስግነው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ወደሚቀጥለው በር ሄዱ።

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ቶለራ ግን የተፈታው ሌላ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። አንድ ቀን ታክሲ ተራው ጋ ድንገት ፊት ለፊት ተገናኘን። ከስቷል፤ ፀጉሩ አጥሯል። እንደሚቆም እርግጠኛ ሆኜ እኔ ቆምኩ። ዓይን ዓይኔን አየኝ፣ «አካም» አለኝ፣ አለፈ። ተለወጠ፣ ኮራብን አልኩ። ዓመት ሳይሞላው በሞያሌ በኩል ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ ገባ ሲባል ሰማሁ። ስፓኒሽ መማሬም፣ አስጎብኚነቱም፣ የገፈርሳው ውሃም በዚያው ቀሩ።

ቅዳሜ ቤቴል ያን ግስ ካነሣች በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እሑድ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ቡራዩ ሄድኩ። ኦቦ ፈይሳ ዛሬ ሸብተዋል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጓሮው ውስጥ በርጩማ ላይ ይውላሉ። ቆርቆሮው በር በብረት ተቀይሯል። ሥሩ ምንም አያስገባም፤ ይህን ወዲያው ነው ያየሁት። ስለ ቤቴል ነገርኳቸው፣ ስለ 'ካሚናስቴይስ' ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ከዚያ ለዓመታት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ።

«ኦቦ፣ የቶለራን የመጨረሻ መስመር ሐሙስ ማታ አርመውት ነበር?»

«የሚታረም አልነበረውም። አንድም ቀይ አላሳረፍኩበትም።»

«ምን ይላል?»

«አንቺ አላነበብሽውም?»

«ፈርቼ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው በስፓኒሽ አሉት፤ ከዚያ በአማርኛ። «ትናንት እስከ ገፈርሳ ተራመድኩ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አንድ ሰው ጠበቅኩ።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«አባቱ ከቀትር በኋላ መጥተው ሐሙስ የት እንደዋለ የሚመሰክር ጠፋ ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ምስክሩ በገዛ እጁ ተጽፎ፣ ከነቀኑ፣ እኔ እጅ ገብቶ ነበር። ሮጬ አንቺ ጋ መጣሁ።»

«ጎበዝ አሉኝ እኮ፣ ኦቦ!»

«ምን ልበልሽ? አቃጥዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሄጄ በአፌ ተናገርኩ፤ ወረቀቱን አምጣ አሉኝ። ቢኖርም ላያምኑት ይችሉ ነበር፣ ልጄ። በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ደብተር ማን ያምናል?» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹት። «ግን ያምኑት እንደነበር ሳላውቅ ነው ያረጀሁት። ያ የጠበቀው ሰው ማን እንደሆነም አልጠየቅኩሽም። ዛሬም አልጠይቅሽም።»

ስወጣ ወደ ታክሲው አልሄድኩም። ማሳ የነበረበት አሁን ግማሹ ቤት ነው፤ የድሮውን የእግር መንገድ ሰው እየጠየቅኩ አገኘሁት። ከግድቡ ወዲህ ጥቂት ባሕር ዛፎች ቀርተዋል። ሥራቸው ቆምኩ። እውነቱን ነበር፤ ውሃው ከዚያ ጋ ሲታይ ሌላ ነው፤ ሰማዩን ሁሉ ውስጡ አስገብቶ ዝም ብሎ ይተኛል። ተኩሱን እዚህም ሰምቶት ይሆናል። ጭሱን አይቶት ይሆናል። መንገድ መዘጋቱን ያውቃል፣ እንደማልመጣ ማወቅ ነበረበት፣ ግን አራት ሰዓት ሙሉ እዚህ ቆመ። ታክሲ ተራው ጋ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ የምለውን እየጠበቀ ነበር፤ እኔ ደግሞ ኩራት ነው ብዬ አለፍኩት። አፍሬ አለቀስኩ። ደጋግሜም ስሙን ጠራሁት፤ ለማን እንደምጠራው ሳላውቅ።

ዛሬ ጠዋት ቤቴል ቁርስ ላይ ስልኳን ይዛ መጣች። ዓረፍተ ነገር መሥራት አለባት።

«አክስቴ፣ አንድ ምሳሌ ስጪኝ። ትናንት ምን አደረግሽ?»

«እስከ ገፈርሳ ተራመድኩ።»

«ውይ፣ በዚህ ጭቃ! ምን ልትሠሪ?»

«የቀጠረኝ ሰው ነበር።»

ስልኳን አስቀመጠች። ዓይኗ በራ። «ታዲያ መጣ?»

«እሱማ መጥቶ ነበር» አልኳት። «የቀረሁት እኔ ነኝ።»